በሶ፣ ጀንዲና አቁማዳ፦ የመንገደኛ ጓዝ ታሪክ በኢትዮጵያ ደጋ

የኢትዮጵያ ደጋ መንገደኛ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ድረስ ገንዘብ ከፍሎ የሚያድርበት ቤት በመንገዱ ላይ አያገኝም ነበር። መንደር ካገኘ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፣ መሽቶብኛል ብሎ ደጅ ላይ ይቆማል፤ ባለቤቱም እግሩን አጥቦ፣ ካለው አካፍሎ ያሳድረዋል። መንደር በሌለበት፣ በአባይ በረሃ፣ በሰሜን ተራሮች ውርጭ ወይም በአፋር የጨው ሜዳ ዳርቻ ሲመሽበት ግን የሚበላው፣ የሚጠጣው፣ የሚተኛበትና እሳት የሚያነድበት ሁሉ ከጓዙ ውስጥ መውጣት ነበረበት። ጓዙ የሚሄደው በትከሻ፣ በአህያ ወይም በበቅሎ ጀርባ ስለሆነ እያንዳንዱ ዕቃ ለክብደቱ መልስ መስጠት አለበት። አብዛኛው መንገደኛ ደግሞ ድሃ ስለነበር ዕቃው ከማሳው፣ ከበረቱ ወይም ከቅርብ ገበያ የሚገኝ መሆን ነበረበት። በዘመናት ውስጥ ጸንቶ የቆየው የመንገድ ዕቃ ሁለቱን ያሟላው ነው፦ በርካሽ የሚገኘውና ሲበላሽ እዚያው መንገድ ላይ የሚጠገነው። የነገሥታቱ ድንኳን ዝና ቢያተርፍም አገሩን ያንቀሳቀሰው የገበሬው የቆዳ ከረጢት አቁማዳና የነጋዴው የቆዳ መኝታ ጀንዲ ነው።

ነገሥታቱም ራሳቸው ረጅም ዘመን የኖሩት በድንኳን ነው። ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደብረ ብርሃን ላይ ለዓመታት ከመቀመጣቸው በቀር፣ ከዛጉዌ ዘመን በኋላ የተነሡት ነገሥታት አብዛኞቹ ቋሚ መቀመጫ አልነበራቸውም። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ምጽዋ ላይ ወርዶ ስድስት ዓመት ያህል በአገሪቱ የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዓፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር በሰፊው ገልጾታል። የንጉሡ ነጭ ድንኳን ከፍ ባለ ቦታ ይተከላል፤ ሌላው ሁሉ ቦታውን የሚይዘው እሱን አይቶ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ፣ ገበያው፣ ወጥ ቤቱ፣ የመኳንንቱ ሰፈር በቀኝና በግራ የታወቀ ስፍራ ስላላቸው ሰፈሩ በተነሣ ቁጥር አዲስ ድልድል አያስፈልግም፤ ትናንት በቀኝ ያደረ ዛሬም በቀኝ ያድራል። ታቦታቱን ካህናት ተሸክመው ሲያልፉ ቃጭል ይቀድማል፤ መንገደኛው ሁሉ ዞር ይላል፣ በበቅሎ ያለውም ይወርዳል። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ በቅሎዎች የተንቀሳቀሱበትን ያን ሰፈር ያስቻለው የድንኳኑ ጥራት ሳይሆን ይህ ሥርዓት ነው። በጨለማ ደርሶ ካስማውን የሚመታ አሽከር የት እንደሚመታ ያውቃል።

ሰፈሩ የሚነሣበት ዋነኛ ምክንያት ማገዶ ነበር። ብዙ ሺህ ሰው አንድ ቦታ ላይ ሲከርም በዙሪያው ያለው እንጨት ያልቃል፤ የገበሬውም ጎተራ ይራቆታል። ዓፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላም ጦሩ በየበጋው በድንኳን መዝመቱን አልተወም። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባም በማገዶ እጥረት ልትለቀቅ ተቃርባ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ ዓለምን ሁለተኛ መቀመጫ አድርገው ማነጽ እስከ መጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዋን ያዳናት በዚያው ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ነው።

ከጓዝ ሁሉ የሚቀድመው ስንቅ ነው። እንጀራ የቤት ምግብ ነው፤ ሊጡ ቦክቶ እስኪደርስ ቀናት ይጠብቃል፣ ምጣድና ብዙ ማገዶ ይፈልጋል፣ ከተጋገረም በኋላ ቶሎ ይሻግታል። ስለዚህ መንገደኛ እንጀራን የሚይዘው አድርቆ፣ ድርቆሽ አድርጎ ነው። ድርቆሽ በፀሐይ ደርቆ ሲሰባበር አቁማዳ ውስጥ ሳይበላሽ ሳምንታት ይቆያል፤ ማታ ጥቂት ውኃና በርበሬ ሲያገኝ እንደገና እህል ይሆናል። ከእሱ ጎን ቋንጣ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮና በርበሬ ይቋጠራሉ።

የስንቅ ሁሉ አውራ ግን በሶ ነው። ገብሱ ተሸክሽኮ ገለባው ይለቅቃል፣ በምጣድ ይታመሳል፣ ልሞ ይፈጫል። ሙሉ የማብሰሉ ሥራ እቤት ስላለቀ መንገደኛው የሚያስፈልገው ውኃ ብቻ ነው። በቅል ዋንጫ በጥብጦ ይጠጣዋል፤ ወይም በጨውና በዘይት፣ ካለም በቅቤ ወይም በማር ለውሶ፣ ጠቅልሎ ይበላዋል። ማገዶ ለሌለበት ሜዳ፣ ዝናብ እሳቱን ላጠፋበት ሌሊት፣ ጢስ ለጠላት በሚያጋልጥበት ጫካ ከበሶ የሚስተካከል አልተገኘም። በቅመም ቅቤ የታሸው ጭኮ ደግሞ በአርሲ፣ በባሌና በሸዋ ኦሮሞዎች ዘንድ የከበረ ስንቅ ነው፤ ቅቤው ገብሱን ከእርጥበት ስለሚጠብቀው ለብዙ ቀን ይቆያል፣ ጥቂቱም ጉልበት ይሰጣል። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን አገሩን የጎበኘው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ፣ የኦሮሞ ዘማቾች የተወቀጠ ቡና በቅቤ ለውሰው፣ እያድበለበሉ በቆዳ ከረጢት ይዘው እንደሚጓዙና አንዷ ድቡልቡል ለቀን እንደምትበቃቸው ጽፏል። ዛሬ በየአገሩ በውድ ዋጋ ታሽጎ የሚሸጠው የተራራ ወጪ ምግብ የሚሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው፤ ውኃው የወጣለት፣ ስብ የተጨመረበት፣ ለመብላት እሳት የማይጠይቅ።

ትኩስ ዳቦ ላማረው መንገደኛ መፍትሔው ብርኩታ ነበር፤ ይህም ስለ ጓዝ ቅነሳ ብዙ የሚያስተምር ሥራ ነው። እሳት ይነድዳል፤ ጭብጥ የሚያህል ክብ ድንጋይ መሐሉ ይገባል። ድንጋዩ ከደረቅ ቦታ የተለቀመ መሆን አለበት፤ ከወንዝ የወጣ፣ ውኃ የጠጣ ድንጋይ እሳት ሲበረታበት ይፈነዳልና። እሳቱ እስኪረግብ ዱቄቱ በጨውና በውኃ ጠንከር ተደርጎ በቆዳ ላይ ይቦካል። ድንጋዩ በደንብ ሲግል በሁለት እንጨት ተይዞ ይወጣና ሊጡ በዙሪያው ይለጠፋል፤ ውፍረቱ እኩል እንዲሆን እጅ በውኃ እየራሰ ይዳብሰዋል። ከዚያ ፍሙ ዳር ይቀመጥና ቶሎ ቶሎ ይገላበጣል። ውስጡን ድንጋዩ፣ ውጭውን ፍሙ ያበስለዋል። ሲበስል ይፈነከታል፤ ድንጋዩ ይወጣል፣ ዳቦው ይከፋፈላል። ለዚህ ሁሉ መንገደኛው ከቤቱ ያመጣው ዱቄትና ጨው ብቻ ነው። የሸክላ ምጣድ በበቅሎ ጀርባ ላይ ሁለት ቀን ሳይቆይ ይሰበራል፤ የብረት ምጣድ ይከብዳል፣ ዋጋውም አይቀመስም። የብርኩታ መንገደኛ ግን ምድጃውን ጠዋት ጥሎት ይሄዳል፣ ማታ ሌላ ያነሣል።

ከስንቅ ቀጥሎ የሚመጣው መያዣው ነው፤ እዚህ ላይ የደጋው ሰው ጥበብ በቆዳ ላይ ያርፋል። አቁማዳ ለመሥራት ፍየሉ ሲገፈፍ ሆዱ አይሰነጠቅም፤ ቆዳው ሳይቀደድ እንደ ከረጢት ተጎትቶ ይወጣል። ፀጉሩ ይረግፋል፣ ሥጋው ይፋቃል፣ በእምቧይ ፍሬ ጭማቂ ይለፋል፣ እስኪለሰልስ ድረስ በእግር ይረገጣል፣ በእጅ ይታሻል። የእግሮቹ ቀዳዳ በጠፍር ይታሰርና አንገቱ አፍ ይሆናል። እንዲህ የተሠራ አቁማዳ እህሉን ከዝናብም ከነቀዝም ይጠብቃል፤ ከበቅሎ ጀርባ ቢወድቅ አይሰበርም፤ ባዶ ሲሆን ይታጠፍና ትራስ ይሆናል። አባይን መሻገር ላለበት ነጋዴ ደግሞ ሌላ ጥቅም ነበረው፤ ተነፍቶ አፉ ሲታሰር ሰውንም ዕቃንም በውኃ ላይ ያንሳፍፋል። አነስ ያለው ስልቻ ለበሶ፣ ለበርበሬና ለጨው ነው። ውኃ በአብዛኛው የሚያዘው በቅል ነው፤ ቅል ከጓሮ ይበቅላል፣ ቀላል ነው፣ ቢሰነጠቅም ዋጋው አያስቆጭም። የተጋገረ ምግብ ለሚይዝ ደግሞ በቆዳ የተለበደው አገልግል አለ፤ እሱ ግን ለአንድ ለሁለት ቀን መንገድ፣ ለሠርግና ለክብረ በዓል እንጂ ለረጅም ጉዞ አይሆንም።

ጀንዲ ስሙ የሚነሣው በመኝታነቱ ነው። የለፋ የበሬ ቆዳ መሬት ላይ ሲነጠፍ ከሥር የሚመጣውን እርጥበትና ብርድ ይከለክላል። ሜዳ ላይ በብርድ ያደረ ሁሉ እንደሚያውቀው ሌሊት ሰውን የሚያቀዘቅዘው ከላይ ካለው አየር ይልቅ ከሥር ያለው መሬት ነው፤ ስለዚህ አንድ ጀንዲ ከሁለት ጋቢ የተሻለ ያሞቃል። ቀን ላይ ይኸው ጀንዲ በበቅሎው ጭነት ላይ ተገልብጦ ዝናብ ይመልሳል። ማታ ሊጥ ይቦካበታል፣ እህል ይሰጣበታል፣ ለእንስሳው ገፈራ ይቀርብበታል። አርጅቶ ሲሳሳ ዳር ዳሩ ተቆርጦ ጠፍር ይሆናል፤ ከጠፍሩ መጫኛ፣ ልጓምና የጫማ ማሰሪያ ይወጣል። ጠፍር እርጥብ ሆኖ ሲታሰር እየደረቀ ራሱን ስለሚያጠብቅ የተሰበረ የኮርቻ እንጨት እንደ ሚስማር አጥብቆ ይይዛል። ልምድ ያለው ነጋዴ ከጓዙ ውስጥ የማይለየው ወስፌ፣ ጅማትና ጥቂት ጠፍር ነው፤ በእነዚህ ሦስት የማይጠገን የቆዳ ዕቃ የለም ማለት ይቻላል።

ስለ ብረቱም ተመሳሳይ ነገር መናገር ይቻላል። መንገደኛ የሚይዘው ካራ ወይም ቢላዋና አንዲት ትንሽ መጥረቢያ ነው። የመንደሩ ቀጥቃጭ የሚያወጣው ብረት እንደ ሩቅ አገር ጎራዴ የጠነከረ ባይሆንም በማንኛውም የወንዝ ድንጋይ ይሳላል፤ ቢጣመም በሚቀጥለው መንደር ያለው ቀጥቃጭ ያቃናዋል። እሳት የሚጫረው በባልጩትና በብረት ግጭት ወይም በደረቅ እንጨት ፍትጊያ ነው፤ አስተዋዩ ግን የትናንቱን ፍም በኩበት ይዞ ይሄዳል፣ ካልሆነም ከመንደር ይጫራል። ክብሪት ሲገባ ይህን ሥራ ቢያቀልለውም በክረምት እርጥበት ዋስትና አልነበረውም።

ይህን ሁሉ የሠሩት ሰዎች ያገኙት ክብር ከሥራቸው ጋር የማይመጣጠን፣ እንዲያውም አሳፋሪ ነው። ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ፣ ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው ሴት መሬት የተነፈጋቸው፣ ማዕድ የማይቀርቡ፣ ቡዳ እየተባሉ የሚፈሩ ነበሩ። በጎንደር ዙሪያ ቀጥቃጭነትንና ሸክላ ሥራን የያዙት ቤተ እስራኤል ይህን ስም ለዘመናት ተሸክመዋል፤ ዛሬ የእነዚያ ሙያተኞች ልጆችና የልጅ ልጆች አብዛኞቹ በእስራኤል ይኖራሉ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሙያተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ዘማቹም ነጋዴውም ንጉሡም ሕይወታቸውን በእነዚህ እጆች ሥራ ላይ ጥለው ሲጓዙ ከኖሩ በኋላ የመጣ አዋጅ ስለሆነ ዘግይቷል፤ ንቀቱም በአዋጅ ብቻ አልጠፋም።

ለልብስ ደጋው የሚተማመነው በጥጥና በሱፍ ነው። ጋቢ ለብዙው መንገደኛ ቀን ልብስ፣ ሌሊት ብርድ ልብስ ነው፤ ዝናብ ሲጠጣ ግን ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም። የመንዝ ሰው ከበጎቹ ፀጉር የሚያሠራው ባና፣ ዝተትና በርኖስ የተፈለገው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሱፍ ረጥቦም ሙቀት ይይዛል። ሴቶቹ ይፈትሉታል፣ ወንዶቹ ይሸምኑታል። ዝናቡን ራሱን የሚመልሰው ደግሞ ገሳ ነው። ገሳ ከሣር ተጎንጉኖ ከራስ እስከ ጉልበት የሚደርስ ካባ ሲሆን ውኃው በሣሩ ዘለላ ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ እረኛው ከሥሩ ቁጢጥ ብሎ በረዶውን ያሳልፋል።

በመንዝ ለገሳው የሚሆነው ሣር ጓሳ ይባላል፤ ከ3,200 ሜትር በላይ ባለው ውርጭ ሜዳ ይበቅላል። የአካባቢው አጽመ ርስት ባለመብቶች ይህን ሜዳ ከአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በጋራ ጠብቀውታል። ጠባቂ ይመርጡ ነበር፤ ሜዳው ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋ፣ ሣሩ ሲደርስ በተወሰነ ቀን ይከፈት፣ በድብቅ ያጨደም ይቀጣ ነበር። ከሣሩ የቤት ክዳን፣ ገመድ፣ ፍራሽና ገሳ ይወጣል። የመንገድ ዕቃ ከየት እንደሚመጣ አስቦ ምንጩን የጠበቀ ሕዝብ በየትም አገር በቀላሉ አይገኝም፤ ይህ ሥርዓት ከብዙ የቤተ መንግሥት ታሪክ ይልቅ መጠናት የሚገባው ነው።

ጓዝ መምረጥን ወደ ስሌት ያደረሱት ሲራራ ነጋዴዎች ናቸው። ከምጽዋ እስከ ጎንደር፣ ከጎንደር በጎጃም የባሶ ገበያ አልፎ እስከ እናርያ በሚዘረጋው መንገድ አሞሌ ጨው፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ጨርቅ ይመላለስ ነበር። በየኬላው ቀረጥ ይጠየቃል፤ ለስንቅና ለመኝታ የዋለች አህያ ሁሉ ለሸቀጥ ያልዋለች አህያ ናት። ስለዚህ ነጋዴው ድንኳን አይይዝም። ሲሰፍር ጭነቱን አራግፎ እንደ ግንብ ይደረድረዋል፤ ጀንዲውን ከላይ ይጥላል፣ እንስሳቱን ያስራል፣ ከጭነቱ ጥግ ሥር ይተኛል። ጅብና ሌባ በእሳትና በተራ ጥበቃ ይመለሳሉ። በነጋዴዎቹ አለቃ በነጋድራሱ መሪነት ብዙ ሆኖ መጓዝ ራሱ የመንገድ መሣሪያ ነበር፤ ብቻውን የሚሄድ ሰው ከሌሊቱ ግማሽ በላይ መተኛት አይችልም።

ከሁሉ የከበደው መንገድ የአርሆዎቹ ነው፤ ከትግራይ ደጋ ተነሥተው ወደ አፋር የጨው ሜዳ የሚወርዱት። መንገዱ ከውርጭ ወደ እሳት ይወርዳል፣ ሣርም ውኃም እንደ ልብ አይገኝበትም። አርሆ ሲወርድ ለግመሉና ለበቅሎው ድርቆሽ ሣር ይጭናል፤ ያን ግን እስከ መጨረሻው አይይዘውም። በየማደሪያው ከፍሎ ለመልስ ያስቀምጠዋል፤ የራሱንም ስንቅ እንዲሁ። ሲመለስ እንስሳው ጨው ተጭኗልና ለሣር ቦታ የለውም፤ በየቦታው ያኖረውን እያነሣ ይወጣል። ያስቀመጡትን ሌላው አይነካም፤ ነገ እሱም የሚያስቀምጠው እዚያው ነውና። በቆዳ የተያዘ ውኃ፣ የብርኩታ ዱቄትና ይህ የእርስ በርስ መተማመን ባይኖር ኖሮ አሞሌ ከዳሎል ዳርቻ ወጥቶ የአገሪቱ ገንዘብ መሆን አይችልም ነበር።

በርካሽ ጓዝ ግን ማንም የቆሎ ተማሪን አይበልጠውም። ቅኔ ወይም ዜማ ፍለጋ ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ ከደብር ወደ ደብር የሚሄደው ልጅ ንብረቱ ከበግ ቆዳ የተሠራ ደበሎ፣ የለመነውን እህል የሚይዝበት አኮፋዳ፣ ቅልና በትር ነው። ደበሎው ልብሱም አልጋውም ብርድ ልብሱም ነው። በትሩ ገደል ሲወርድ ይደግፈዋል፣ የመንደር ውሻ ሲነሣበት ይከላከልለታል። የሚያድርበትን ጎጆ ከጓደኞቹ ጋር በእንጨትና በሣር ራሱ ይቀልሳል። የአገሪቱ ሊቃውንት አብዛኞቹ በዚህ ጓዝ ተራራውን ሁሉ ያቋረጡ ናቸው።

የውጭ ሰዎች ጓዝ ከዚህ ጋር ሲተያይ ትምህርቱ ይጎላል። ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የታራንታን ተራራ ሲወጣ ከሁሉ ያስቸገረው ከዋክብት የሚለካበት ትልቁ ኳድራንት ነው፤ ተሸካሚዎቹ ሲደክሙ እሱና ያሲን የተባለው የመንገድ ጓደኛው ራሳቸው እየተሸከሙ አወጡት። መሣሪያው ለአባይ ምንጭ ልኬት ያስፈልገው ነበርና ድካሙ ምክንያት አለው። እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ ግን በ1830ዎቹ ዓ.ም. ሲመጣ ሌላ መንገድ መረጠ፤ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ሄደ፣ የአገሬውን ልብስ ለበሰ፣ የአገሬውን ምግብ በላ። ሦስት ዓመት በዚህ ኑሮ መቆየቱ ምርጫው ትክክል እንደነበር ያሳያል። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ደግሞ ሌላ ጫፍ ነው፤ 13,000 ያህል ወታደር፣ 44 ዝሆኖች፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የጭነት እንስሳትና ከዙላ ወደብ የተዘረጋ የባቡር ሐዲድ ነበረው። ያም ሆኖ ወደ መቅደላ በቀረበ ቁጥር ተራራው ድንኳኑንና ጓዙን እንዲቀንስ አስገድዶታል።

የደጋው ዘማች ጓዝ ትልቁን ፈተና ያለፈው በአድዋ ነው። በ1888 ዓ.ም. መስከረም አዋጁ ከተነገረ በኋላ ጦሩ በወረኢሉ ተሰብስቦ በአምባላጌና በመቀሌ በኩል ወደ ሰሜን ሲገሰግስ ዘማቹ ስንቁን የያዘው ከየቤቱ ነው። በሶው፣ ቆሎው፣ ድርቆሹና ቋንጣው የእናቶችና የሚስቶች ሥራ ነበር፤ ብዙ ሴቶችም አብረው ዘምተው ወፍጮና ገንቦ ተሸክመው ማታ ማታ እህል ይፈጩ፣ ይጋግሩ፣ ውኃ ይቀዱ ነበር። ስለ አድዋ ሲጻፍ ጠመንጃው በቁጥር ሲዘረዘር እነዚህ ሴቶች በአንድ ዐረፍተ ነገር መታለፋቸው ትልቅ ጉድለት ነው። መቶ ሺህ ያህል የሚገመት ሠራዊት ከአምስት ወር በላይ ሲንቀሳቀስ ቆይቶ የካቲት ላይ ስንቁ እያለቀ ነበር፤ አገሩም ከክፉ ቀን ረኀብ ገና አላገገመም። ጦርነቱ የካቲት 23 ቀን ባይሆን ሰፈሩ በእህል እጥረት መነሣቱ አይቀሬ ነበር።

ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ሲገባ፣ ዱር ቤቴ ያሉት አርበኞች የተመለሱት ወደዚሁ ስንቅ ነው። አውሮፕላን ከሰማይ ሲያስስ ቀን እሳት ማንደድ አይቻልም፤ በሶና ቆሎ ግን ጢስ የላቸውም። በከተማ የነበሩት የውስጥ አርበኞች መድኃኒት፣ ልብስና ጥይት በድብቅ ይልኩ ነበር። ሌላው ሁሉ ከጠላት የሚማረክ ነው፤ የወታደር ኮዳ፣ ብርድ ልብስና ሸራ ወደ ገበሬው ቤት የገቡት በብዛት በዚህ ዘመንና ከዚያ በኋላ ነው።

የረጅሙ መንገድ ጓዝ ከዚያ ወዲህ ተለወጠ። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሶ ነበር፤ በጣልያን ዘመን የተሠሩት መንገዶች የጭነት መኪናን ሲያስገቡ ሲራራ ነጋዴው ቀስ በቀስ ከመንገድ ወጣ። አቡጀዲና ሸራ ለድንኳንና ለጭነት መሸፈኛ ሆኑ። ጀሪካን ሲመጣ ገንቦንና ቅልን ቦታቸውን አስለቀቀ፤ ተገቢም ነው፣ አይሰበርም፣ ይቀልላል፣ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። ሆኖም አዲሱ ዕቃ ሁሉ ከውጭ እንደመጣ አልቀረም። ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚቆረጠው በረባሶ የድንጋይ መንገድን ለዓመታት ይቋቋማል፤ በመርካቶ ምናለሽ ተራ ከአሮጌ በርሜልና ቆርቆሮ ምድጃ፣ ማሰሮና ማንቆርቆሪያ ይወጣል። የእነዚህ ባለሙያዎች ምርጫ ከአያቶቻቸው አልራቀም፤ በእጅ ያለውን፣ ርካሹንና የሚጠገነውን ያነሣሉ።

በዛሬው ዘመን በደጋው ላይ በድንኳን የሚያድረው በአብዛኛው ጎብኚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ፓርክ የሆነውና በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ዋና መግቢያ ደባርቅ ነው፤ ጎብኚው ከዚያ በቅሎና ባለ በቅሎ ተከራይቶ፣ ጠባቂ ይዞ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ ያድራል። ከ3,000 ሜትር በላይ ባሉት በእነዚህ ቦታዎች ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጎብኚው ከሩቅ አገር ባመጣው ቀላል ድንኳን ውስጥ ሲተኛ ባለ በቅሎው ጋቢውን ተከናንቦ እሳቱ ዳር ያድራል፤ ጠዋት ሁለቱም እኩል ይነሣሉ። የመንዙ የጓሳ ሜዳም ዛሬ በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ሲሆን ለጎብኚ ማረፊያና ድንኳን መትከያ አለው። ወደዚያ የሚሄድ አንባቢ ድንኳኑን ከሌላ ቦታ ቢያመጣም ብርድ ልብሱን ከመንዝ ሸማኔ ይግዛ፤ ዝተት ውርጩን ይችላል፣ ገንዘቡም ሜዳውን ለአራት መቶ ዓመት ያህል ጠብቆ ላቆየው ሕዝብ ይደርሳል።